የላሜራው በሬ

ከዑራኤል ወደ ካዛንቺስ ሲወጣ በነበረ አንድ ሥጋ ቤት ሁለት ከብቶች ይኖሩ ነበር። አንዱ ከገንዘብ መቀበያው በላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ፣ ወረቀት ላይ የታተመ የሆላንድ ኮርማ ነው። ሌላው ከበሩ አናት ላይ ጎዳናውን እያየ የቆመ፣ በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ በሬ ነው። ልጅ ሆነን ሥጋ ስንላክ ወረፋው እስኪደርሰን ድረስ በሁለቱ እንከራከር ነበር። የላሜራው ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ስለሆነ የፈረንጅ ከብት ነው አልን፤ የወረቀቱ ቡኒ ስለሆነ ያገር ቤት ነው አልን። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ የተገለጠልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያንን ላሜራ ይዤ ቂርቆስን ከዳር እስከ ዳር ሳቋርጥ በገጠመኝ ጣጣ ነው።

የወረቀቱን ታሪክ አስቀድሜ ላውጋ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው፣ ሥዕሉን ያገኙት አፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የለመደው እሳቸው ዘንድ ኖሮ፣ ሥራው አልቆ አገሩ ሲገባ ለማስታወሻ ትቶላቸው ሄደ። ወጣት ኮርማ ከሜዳ መሀል ቆሟል። ከጎኑ የተኛች ላም ቀና ብላ ታያለች፤ አውራ በግ፣ እናት በግና ግልገል አሉ፤ ከዛፉ ሥር አንድ ገበሬ በአጥሩ ላይ ዘንበል ብሏል። ሰማዩ ላይ አንዲት ወፍ፣ ሣሩ ውስጥ አንድ እንቁራሪት፣ ከኮርማው ገላ ላይ ዝንቦች አሉ። በሩቁ የቤተ ክርስቲያን ማማ ይታያል። ጋሼ ቢላቸውን እየሳሉ ቀና ብለው ያዩትና፣ «ፊቱ ኮርማ ነው፤ ኋላው ገና ወይፈን ነው። እንዲህ ያለ ከብት በእጄ ገብቶ አያውቅም» ይሉ ነበር።

ሥዕሉ የፓውሉስ ፖተር ነው። (ስለ ሆላንድ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፖተር በ1625 በኤንክሃውዘን ተወለደ፤ አባቱም ሠዓሊ ነበር። ይህንን ኮርማ በ1647 ሲሥል 22 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ዋናው ሥዕል ሔግ ከተማ በሚገኘው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ተሰቅሏል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ35፣ ወርዱ 3 ሜትር ከ39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስፋት የሚገባው ለነገሥታት፣ ለጦርነት ድልና ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነበር። ያ ልጅ ለአንድ ኮርማ ሰጠው። መጀመሪያ የጀመረው በኮርማው ብቻ ነው፤ ከዚያ ቦታ ሲጠበው በግራም በቀኝም በላይም ሸራ ቀጠለበት፣ ገበሬውንና ሌሎቹን ከብቶች ጨመረ። ከብት አዋቂዎችና የሥዕል አጥኚዎች መርምረው እንደደረሱበት ደግሞ ኮርማው ከአንድ እንስሳ የተቀዳ አይደለም፤ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ከብቶች አካል አጣምሮ የያዘ ነው። የካዛንቺሱ ሥጋ ሻጭ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ በዓይናቸው ብቻ ከዚያው ደርሰዋል። ይህንን በኩራት ነው የምጽፈው።

ሆላንዶች ከብትን እንዲህ ያከበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መሬታቸውን ያገኙት ከውሃ ነጥቀው ነው። የቤምስተርን ሐይቅ በነፋስ ወፍጮ እየቀዱ በ1612 አደረቁና የግጦሽ ሜዳና እርሻ አደረጉት። ቅቤያቸውና አይባቸው ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። በየጊዜው በሚታተሙት የፖለቲካ ሥዕሎቻቸው ላይ አገራቸውን ራሷን ላም አድርገው ይሥሏት ነበር፤ አንዱ የውጭ ገዥ ይጋልባታል፣ ሌላው ጭራዋን ይጎትታል፣ ሌላው ያልባታል። የዶርድሬክቱ አልበርት ኮይፕ ደግሞ ላሞችን በማታ ብርሃን ወንዝ ውስጥ አቁሞ ጀርባቸውን ወርቅ አስመስሎ አሳይቷል። ፖተርን በተመለከተ የሚወራ አንድ ነገር አለ። ለኦራንጁ ልዑል መበለት ለአማሊያ ፋን ሶልምስ ተብሎ በ1649 የሣለው ሥዕል ላይ አንዲት ላም ቆማ ስትሸና ስለምትታይ፣ ለቤተ መንግሥት አይመጥንም ተብሎ ተመለሰበት ይባላል። ሥዕሉ ዛሬ ሩሲያ፣ ኤርሚታዥ ሙዚየም ነው። አያቴ ይህንን ብትሰማ በልዕልቲቱ ትገረም ነበር። ላም በረት ውስጥ አድራ ጠዋት ስትሸና ጤናዋን የምታረጋግጥ ሴት ናት። ፖተር በ1654 አምስተርዳም ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ 28 ዓመቱ ነበር።

ከብት የሞላው ሥዕል ያላት አገር ከብት ያለቀበትም ሥዕል አላት። በ18ኛው መቶ ዓመት የከብት ወረርሽኝ ሆላንድን ደጋግሞ መታ። ያን ስሚት የተባለ ሰው በ1745 ያሳተመው ሥዕል ላይ ሜዳው በሬሳ ተሞልቶ፣ ገበሬዎች ጉድጓድ ሲምሱ ይታያል። ያው በሽታ ከመቶ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ ጣልያኖች በምፅዋ ባስገቧቸው ከብቶች ወደኛ ገባ። ከአገሩ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ እንዳለቀ ይነገራል፤ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጥቶ ክፉ ቀን ሆነ። በሽታው ከዓለም ላይ ጠፋ ተብሎ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የክፉ ቀንን ታሪክ ከሽማግሌ አፍ ሰምቻለሁ፣ መጽሐፍ ውስጥም አንብቤያለሁ። ባዶ በረት፣ ያለ በሬ የቆመ ቀንበር የሚያሳይ የዚያ ዘመን ሥዕል ግን ዓይኔ አላየም።

ከብት መሣል እናውቃለን። ዲላ አካባቢ ጫቤ በሚባለው ስፍራ፣ ከሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ጡታቸው የሞላ ላሞችን ቋጥኝ ላይ በሰልፍ ፈልፍለዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ የልደት ሥዕል ላይ ላምና አህያ በግርግሙ አጠገብ ቆመው ሕፃኑን በትንፋሻቸው ያሞቃሉ፤ ከአራቱ እንስሳ የወንጌላዊው ሉቃስ ምልክት ላህም ነው። በባህላዊው የሸራ ሥዕል ላይ እርሻና ውቂያ አይጠፋም። ከሁሉ የበለጠ የተሠራጨው የበሬ ሥዕል ደግሞ በየኪሳችን ነበር፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ በነበረው የመቶ ብር ኖት ላይ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርስ ነበር። በ2013 መባቻ ገንዘቡ ሲለወጥ እሱም ሄደ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን በሬ ለሌላ ነገር አጃቢ ነው፤ ለሕፃኑ፣ ለማረሻው፣ ለውቂያው። በሬን ለራሱ ብሎ፣ ከነመልኩና ከነጠባሳው፣ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው አድርጎ የሠራው በአዲስ አበባ የታፔላ ሠዓሊው ነው። ከሥጋ ቤት ታፔላ ሠዓሊዎች ማን ምን እንደሣለ የጻፈልን የለም፣ ግድግዳው ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል። ይህ ያንገበግበኛል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ስትነሣ፣ የጋሼም ሥጋ ቤት ተነሣ። እኔ ከሰፈሩ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምኖረው ቄራ አጠገብ ተከራይቼ ነው። ወሬውን ስሰማ ሮጬ ሄድኩ። የአይሱዙው መኪና ዕቃ ጭኖ ጨርሷል። ሥጋ መስቀያው ብረት፣ ሚዛኑ፣ ግንዱ፣ የፈረንጁ ኮርማም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ገብቷል። የላሜራው በሬ ብቻ ሚስማሩ ተነቅሎ አፈር ላይ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ይሄስ?»

«የት ላኖረው ልጄ? የሚሰጡኝ ቤት ኮንዶሚኒየም ነው። ውሰደው። ከኔ ይልቅ አንተ ታውቅበታለህ።»

ወርዱ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ላዳዎቹ ፖርቶ መጋላ ላይ ለመጫን አልፈቀዱም፤ ቀለም ይፍቃል አሉ። ዳማስ ላለው ልጅ ለመጣበት መንገድ የጠየቀኝን ከፍዬ ለማስጫን ሞከርን፤ በሩ አልዘጋ አለ። በመጨረሻ አንድ ተሸካሚ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን በእግር ጀመርነው። የጥቅምት ነፋስ ታውቃላችሁ። አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ስንደርስ ነፋሱ ላሜራውን ከሥር ገብቶ አነሣውና ሁለታችንንም አስሮጠን። ከአጥሩ ወዲያ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ፤ 150 ካሬ ሜትር። አገራችን ትልቅ ሥዕል አታውቅም የሚል ካለ እዚያ ይሂድ። እኔ በዚያ ሰዓት ላስብ የቻልኩት ስለ እጄ ነው፤ የላሜራው ጠርዝ መዳፌን ቆርጦት ደሙ በበሬው ሆድ ላይ ይወርድ ነበር።

እስጢፋኖስ ጋ አረፍን። መስቀል አደባባይን ስናቋርጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞን ወደ ዳር እንድንይዘው መከረን፤ ከዚያም ራሱ መኪና አቆመልንና አሳለፈን። በለገሐር በኩል ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ተሸካሚው ሥራ ተጠርቶ ሄደ፤ ለቀረው መንገድ የእጅ ጋሪ ተከራየሁ። የቂርቆስ ልጆች ከኋላ ሆነው ገፉልኝ። አንዷ ትንሽ ልጅ፣ «ይሸታል?» አለችኝ። «ቀለም ቀለም ይላል» አልኳት። ቀርባ አሸተተችውና ተስማማች።

ቄራ አጠገብ ስንደርስ ወደ ገበያው የሚነዱ በሬዎች መንገዱን ሞሉት። ጋሪውን ዳር አስያዝኩት። ከፊት ያለው ዳለቻ ሰንጋ ከላሜራው ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከኋላው ያሉትም ቆሙ፤ ከእነሱ ኋላ የነበሩት መኪኖች ጡሩምባ ጀመሩ። ነጂው በዱላው ሊያስኬደው መጥቶ እሱም እንደ በሬው ቆመ።

«ይሄ የፎገራ በሬ ነው» አለኝ።

«የፈረንጅ አይደለም?»

«ኧረ ወንድሜ! ቀንዱን እየው፣ አጭር ነው። መልኩንም እየው። ያገራችን ነው። ደግሞ ያረሰ በሬ ነው።» ጣቱን ከሻኛው ፊት ለፊት አንገቱ ላይ አደረገ። «ቀንበር የላገው ቦታ ይኸው። የሣለው ሰው ጠምዶታል።»

ያንን ላሜራ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ከአንገቱ ላይ ያለውን ግራጫ፣ ፀጉር የሌለው ሰሌዳ ዝገት አድርጌ ስቆጥረው ኖሬ ነበር። ቀርቤ ሳየው ቀለሙ ተመርጦ፣ በቀጭን ብሩሽ ዳሩ ተለስልሶ የተሠራ ነው። ሥጋ ለማስተዋወቅ የተሣለ በሬ አንገት ላይ የቀንበር ጠባሳ ማን ያስቀምጣል? ገዢ የሚፈልገው ያረሰ ሳይሆን የሰባ በሬ ነው። ይህ ሠዓሊ የሚያውቀውን፣ አንድ የተወሰነ በሬ ሣለ ማለት ነው።

ፎገራ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ ክረምት ከክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ከብቱ በዥጉርጉር መልኩና በወተቱ በመላው አገር ይታወቃል፤ ረግረግ ይችላል። ፈረንጆቹ ጥቁርና ነጭ ከብቶች፣ ፍሪዝያኖቹ፣ ወደኛ በብዛት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት በኩል ከብራውን ስዊስ ጋር 300 ያህል ሆነው ገቡ። ዛሬ በሱሉልታና በሆለታ፣ በሰበታና በደብረ ዘይት የምናያቸው ዥጉርጉር ላሞች የእንዲህ ዓይነቶቹ ዘርና የቃሊቲው የማዳቀያ ማዕከል ሥራ ናቸው። የፎገራው ግን ከዚያ በፊትም እዚያው ነበር። በፖተር ዘመን የሆላንድ ከብት መልኩ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ጥቁርና ነጩ አገሩን የያዘው በኋላ ነው። አሁን የፎገራ ሜዳ በአብዛኛው ሩዝ ነው። ሩዙ ለገበሬው ብዙ ገንዘብ አምጥቶለታል፤ ግጦሹ ግን ጠበበ፣ ዘሩም ከሌላው እየተደባለቀ ሳሳ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የምርምር ማዕከል ንጹሑን ዘር ለማቆየት መንጋ ይዟል።

ላሜራውን ግቢያችን አደረስኩት። ቤቴ ስለማይገባ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ አቆምኩት። በሌላ ቀን ከሥራ ስመለስ ቦታው ባዶ ነው። አከራዬ እማማ ግቢ ሲያጸዱ ቁራሌው መጥቶ፣ አሮጌ የጣሪያ ቆርቆሮ መስሏቸው፣ ከተሰበረ ባልዲና ከጀሪካን ጋር በኪሎ ሸጠውለታል። ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው፣ «ሥዕል እኮ አላየሁበትም ልጄ፣ ጀርባው ነው የነበረው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፀሐይ እንዳይበላው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬው ነበር። ያገኙትን ገንዘብ ሊሰጡኝ መሐረባቸውን ሲፈቱ አንጀቴን በሉት።

ቁራሌዎች ላሜራ የሚያራግፉት መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራን ሱቅ በሱቅ፣ መዶሻ በመዶሻ ዞርኩት። የሚያልፍ ብረት ሁሉ እዚያ ሌላ ነገር ይሆናል፤ በርሜሉ ምጣድ፣ የመኪናው ቸርኬ ምድጃ፣ ላሜራው ቆሻሻ ማፈሻ። «ጥቁርና ነጭ በሬ ያለበት» እያልኩ ስጠይቅ እየሳቁም እያዘኑም ከአንዱ ወደ አንዱ ላኩኝ። ሲመሽ አንድ ልጅ፣ «ግማሹ እኔ ጋ አለ» አለኝ። ከእጆቹ መሀል የወጣው ፊቱ ነው፤ ራሱ፣ ቀንዶቹ፣ የተላገ አንገቱ፣ ሻኛው፣ የፊት እግሮቹ። ከወገቡ ወደ ኋላ ያለው ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ሆኗል። ከተደረደሩት ምድጃዎች መካከል ጥቁርና ነጭ ቀለም የሚታይባቸውን ፈልጎ አወጣልኝ፤ ሁለት ናቸው። ሌሎቹ ተሸጠዋል። በአዲስ አበባ አንድ ቤት ውስጥ አሁን ቡና በፎገራ በሬ ታፋ ላይ ይፈላል። ግማሹን ላሜራና ሁለቱን ምድጃዎች ገዝቼ ወጣሁ።

ጋሼ ከካዛንቺስ ከተነሡ በኋላ ገላን ጉራ መንደር ዳር አነስተኛ ሱቅ ተከራይተው ሥጋ ቤቱን እንደገና ሊከፍቱ ነበር። የሆላንዱ ኮርማ ገና ከመግባታቸው ግድግዳ አግኝቷል። ግማሹን በሬ ይዤላቸው ስሄድ አይተውት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ግማሽ በሬ ሰቅዬ ሥጋ ልሸጥ?» አሉ። እኔ እንዳለ ይቀመጥ፣ ዋናው የሠዓሊው እጅ ነው አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ በሬ ከወገቡ ሲያልቅ ነውር ነው፣ ደንበኛም ይቀየመኛል ብለው ድርቅ አሉ። ያን ጊዜ ፖተርን አነሣሁላቸው፤ እሱም በኮርማው ዙሪያ ሸራ እየቀጠለ ነው የጨረሰው። ይህ ገላገለን። አዲስ ላሜራ በብየዳ ይቀጠልለት፣ ራሱ ሠዓሊው ይምጣ ተባለ።

ሠዓሊው በሕይወት መኖሩን የነገሩኝ ያኔ ነው። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ ዘንድ ሳሪስ ይኖራል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሽ ሲይዝ ግን አይንቀጠቀጥም። በያጁ የቀጠለው ላሜራ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ደርቆ ጠበቀው። ምድጃዎቹን አገላብጦ አያቸው። «ይሄ ነጭ የዳሌው ነው» አለ። ጋሼ የሆዱ ነው አሉ። እኔ የዳሌው ነጭ ሰፊ እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ ጋሼ ዳሌው ሙሉ ጥቁር ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ገብቼ ወጥቻለሁ አሉ። ሠዓሊው ሁለታችንንም ሰማና ስልኩን አውጥቶ ወረታ ለሚኖር ታላቅ ወንድሙ ደወለ። ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሽዬ፣ ያ በሬያችን፣ አባታችን ያመጣው...»

«የቱ? ቡሬው?»

«እሱ። ከኋላ መልኩ እንዴት ነበር?»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንዴም አልዘገየም። ከጀርባው ነጩ የት ላይ እንደሚጀምር፣ በቀኝ ታፋው ላይ ጥቁሩ እስከ ጉልበቱ እንደሚወርድ፣ በግራው ግን ከታፋው ላይ እንደሚቀር፣ የጭራው ጫፍ ነጭ ሆኖ ሥሩ ጥቁር እንደሆነ ተናገረ። በሬው ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። ሠዓሊው እየሰማ በጠመኔ ላሜራው ላይ ያሠምራል፤ ጋሼም እንደ ሥጋ አዋቂነታቸው የታፋውን ውፍረት በእጃቸው ያሳያሉ፣ ኋላው ከፊቱ ዕድሜ እንዳያንስ ያስጠነቅቃሉ። ጠመኔው ከዳሌው ወርዶ ሰኮናው ጋ ሲደርስ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ድንገት ጮኸ።

«ቀንዱንስ? የግራው ጫፍ የተሰበረ ነው፣ እንዳትረሳ!»

«እሱማ አለ» አለ ሠዓሊው። «እሱን አልቆረጡትም።»